የወንዛችንን ጤንነት በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ነፍሳት እንዴት እናውቃለን?

ለመስኖ ተጠቃሚ አርሶ አደሮችና ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች የተዘጋጀ የስልጠና ጽሑፍ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ተከታትላችሁ ስትጨርሱ፦

• በወንዝ ድንጋይ ሥር የሚኖሩ ነፍሳት ስለ ውሃው ጤንነት ምን እንደሚነግሩን ታስረዳላችሁ፤
• ንጹህ ውሃ የሚሹትን ቆሻሻ ከሚችሉት ለይታችሁ ታውቃላችሁ፤
• ከማሳችሁ በላይና በታች ያለውን ወንዝ ራሳችሁ መርምራችሁ ታነጻጽራላችሁ፤
• ያያችሁት ለውጥ ከምን ሊመጣ እንደሚችል ገምታችሁ ተገቢውን እርምጃ ትወስዳላችሁ።

1. መግቢያ

አብዛኞቻችን ውሃን የምንመዝነው በዓይናችን ነው። ጠርቶ ካየነው ንጹህ እንለዋለን፤ ደፍርሶ ካየነው ቆሻሻ እንለዋለን። ይህ ግን ብዙ ጊዜ ያታልለናል። በሐምሌ የደፈረሰ ወንዝ ከአፈር በቀር ሌላ ነገር ላይኖርበት ይችላል። በጥር ኩልል ብሎ የሚወርድ ወንዝ ደግሞ ትናንት የታጠበ የርጭት መሣሪያ እጣቢ ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። በውሃ የቀጠነ ፀረ-ተባይ በዓይን አይታይም።

በውሃ ውስጥ የሚኖር ፍጡር ስለ ውሃው እንደሚናገር አባቶቻችንም ያውቁ ነበር። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር ዓሣው ሰክሮ እንደሚንሳፈፍ በጣና ዙሪያና በሌሎችም ቦታዎች ያልሰማ የለም። ውሃው መልኩን ብዙም አይለውጥም፤ መርዝ መግባቱን የሚናገረው ዓሣው ነው።

ሌላም ምሳሌ አለን። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ከሌላው ቦታ ይልቅ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አገኙ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት የውሃ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚህ በመነሣት እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በምርምር ተረጋገጠ፤ አገራችንም በዚህ ግኝት በዓለም ታወቀች። እኚህ ሰው ያደረጉትን ልብ በሉ። ከማጠቢያው በታች ያለውን ከሌላው የወንዙ ክፍል ጋር አነጻጸሩ፤ ማን እንደሞተና ማን እንደቀረም አዩ። ዛሬ የምንማረው ዘዴ በመሠረቱ ይኸው ነው።

2. ውሃውን ትቶ ነፍሳቱን ማየት ለምን አስፈለገ?

ውሃ አላፊ ነው፤ ነፍሳቱ ግን ነዋሪዎች ናቸው። ጠዋት ወንዝ ውስጥ የገባ መርዝ ማታ ከአካባቢያችን ርቆ ሄዷል። በማግስቱ ጠርሙስ ይዘን ውሃ ብንቀዳና ወደ ላቦራቶሪ ብንልከው ምንም ላይገኝበት ይችላል። በድንጋይ ሥር የሚኖር ነፍሳ ግን እንደ ዝርያውና እንደ ውሃው ሙቀት ከጥቂት ሳምንት እስከ ብዙ ወር እዚያው ይቆያል። ያ መርዝ ሲያልፍ እዚያው ነበረ፤ ከሞተም ቦታው ባዶ ሆኖ ይጠብቀናል። ስለዚህ የውሃ ናሙና የአንድ ቀን ወሬ ሲነግረን፣ የነፍሳቱ መኖርና መጥፋት የብዙ ሳምንታትን ታሪክ ይነግረናል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሳለሁ የሽንኩርት ጠላ ትሪፕስን ስለመከላከል ለመስኖ ተጠቃሚዎች የርጭት ሠርቶ ማሳያ አዘጋጅቼ ነበር። ውሃ ለመቅዳት ስለሚመች ትምህርቱን የሰጠሁት ወንዝ ዳር ነው። ስለ መጠን፣ ስለ ጓንት፣ ስለ ንፋስ አቅጣጫ በደንብ አስተማርኩ። ትምህርቱ ሲያልቅ ግን መርጫውን እዚያው መልካው ላይ አለቀለቅነው። አርሶ አደሮቹም ከዚያ ወዲህ እኔ እንዳደረግሁት አደረጉ። ከብት የሚጠጣበት፣ ልጆች የሚታጠቡበት ያው መልካ ነበር።

በሚቀጥለው የበጋ ወቅት አንድ የዓሣ ሀብት ባለሙያ በሥራ ወደ ቀበሌያችን መጥቶ ወንዙን አብረን አየን። ከመልካው በላይ ድንጋይ ስንገለብጥ ከሥሩ ብዙ ዓይነት ነፍሳት ይተራመሱ ነበር። ከመልካው በታች ግን ቀንድ አውጣና አልቅት ብቻ ቀርተዋል፤ ስድስት እግር ያለው አንድም አልነበረም። ውሃው ከላይም ከታችም እኩል ጠርቷል። ባለሙያው «እዚህ ቦታ መርጫ ታጥባላችሁ?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ ያጣሁት እኔ ነበርኩ። ይህን ጽሑፍ ስታነቡ፣ ስህተቱ ከእናንተ ዘንድ ብቻ እንደማይመጣ አስታውሱ፤ ከእኛ ከባለሙያዎችም ይመጣል።

3. ዘዴው ከየት መጣ?

ውሃን በነዋሪዎቹ መመዘን የተጀመረው ዛሬ አይደለም። በጀርመን አገር ኮልክቪትስና ማርሶን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የትኛው ፍጡር በምን ያህል ቆሻሻ ውሃ ውስጥ እንደሚኖር በዝርዝር አስቀምጠዋል። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ «ሚኒሳስ» የሚባል ቀላል ዘዴ አለ። ተማሪዎችና የአካባቢ ነዋሪዎች ነፍሳቱን በ13 ምድብ ከፍለው፣ ለእያንዳንዱ ምድብ ነጥብ ሰጥተው የወንዛቸውን ጤንነት ያሰላሉ። በአገራችንም ተመራማሪዎች ለኢትዮጵያ ደጋማ ወንዞች የሚሆን የነጥብ አሰጣጥ ዘዴ ሠርተው በ2015 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። እኛ በዚህ ስልጠና የምንጠቀመው ነጥብ መደመር ሳያስፈልግ በዓይንና በማነጻጸር ብቻ የሚሠራውን ነው።

4. ነዋሪዎቹን እንወቃቸው

ለብዙዎቹ የውሃ ውስጥ ነፍሳት በአካባቢያችን የታወቀ ስም የለም። ስለዚህ በመልካቸው እንጠራቸዋለን። ሦስት ቡድን አድርገን እንይ።

ቡድን አንድ፦ ንጹህ ውሃ የሚሹ

ባለ ሦስት ጅራት (ሜይፍላይ)፦ ስድስት እግርና ቀጭን ወይም ጠፍጣፋ ገላ ያለው ነፍሳ ነው። ከኋላው እንደ ክር የቀጠኑ ሦስት ጅራቶች አሉት፤ በአንዳንዱ ሁለት ይሆናሉ። ድንጋዩን ስትገለብጡ ተለጥፎ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ይሸሻል። በሆዱ ግራና ቀኝ እንደ ላባ የሚርገበገብ መተንፈሻ አለው። በዚህ ስስ መተንፈሻ በውሃው ውስጥ የሟሟውን አየር ስለሚወስድ አየሩ ሲያንስበት ወይም መርዝ ሲገባ ቶሎ ይጎዳል። አድጎ ክንፍ ሲያወጣ የሚኖረው ከጥቂት ሰዓት እስከ ጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ዕድሜውን የሚጨርሰው በውሃ ውስጥ ነው።

ቤት ሠሪው (ካዲስፍላይ)፦ ትል የሚመስል ገላ አለው፤ ከደረቱ ላይ ግን ስድስት እግሮች አሉት። ብዙዎቹ አሸዋ፣ ደቃቅ ጠጠር ወይም የቅጠል ስብርባሪ ከአፋቸው በሚያወጡት ክር እያያያዙ ቱቦ የመሰለ ቤት ሠርተው ይለብሳሉ። ዝም ብሎ ሲተኛ ስንጥር ይመስላል፤ ሳህን ውስጥ አስቀምጣችሁ ትንሽ ብትታገሡ ጭንቅላቱን አውጥቶ ቤቱን እየጎተተ ይሄዳል። ቤት የማይሠሩና በድንጋይ መካከል መረብ የሚዘረጉም አሉ። እነዚህኞቹ ከቤት ሠሪዎቹ ይልቅ ቆሻሻን በመጠኑ ይችላሉ።

ባለ ሁለት ጅራት (ስቶንፍላይ)፦ ባለ ሦስት ጅራቱን ይመስላል። ጅራቱ ግን ሁልጊዜ ሁለት ነው፤ በእያንዳንዱ እግሩ ጫፍ ሁለት ጥፍር አለው፤ በሆዱ ጎንም እንደ ላባ የሚርገበገብ ነገር የለውም። በወንዞቻችን እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። ካገኛችሁት ወንዛችሁ በጣም ደህና ነው ማለት ነው፤ ካላገኛችሁት ግን አትደንግጡ።

ቡድን ሁለት፦ መጠነኛ ቆሻሻን የሚችሉ

በዚህ ቡድን ውስጥ ሸርጣን፣ ውሃ ውስጥ የሚዋኙ ጢንዚዛዎች፣ እንዲሁም በወንዝ ዳር አራት ክንፏን ዘርግታ የምትበረው የውሃ ተርብ እጮች ይገኛሉ። የውሃ ተርብ እጭ ትልልቅ ዓይኖችና ወፍራም ወይም ረዘም ያለ ገላ ያለው አዳኝ ነው። እነዚህ ውሃው በጥቂቱ ቢበላሽም ይቆያሉ፤ ሲባባስ ግን ይጠፋሉ።

በውሃው ገጽ ላይ እንደ በረዶ ተንሸራታች የሚሮጡትን ረጅም እግሮች አትቁጠሩ። የሚተነፍሱት ከላይ ካለው አየር ስለሆነ ከሥራቸው ስላለው ውሃ ብዙ አይነግሩንም።

ቡድን ሦስት፦ ቆሻሻን የሚችሉ

አልቅት፦ በከብት አፍና አፍንጫ እየገባ ስለሚያስቸግራችሁ መግለጽ አያስፈልግም።

ቀይ ትል፦ በጭቃ ውስጥ የሚኖር ደም የመሰለ ቀጭን እጭ ነው። ቅላቱ እንደ እኛ ደም አየር የሚይዝ ንጥረ ነገር ስላለው ነው፤ በዚህ ምክንያት አየር ባነሰበት ውሃም ይኖራል።

ባለ ረጅም ጅራት ትል፦ ነጣ ያለ ወፍራም ትል ሆኖ እንደ አይጥ ጅራት የረዘመ መተንፈሻ አለው። ጅራቱን ወደ ውሃው ገጽ አውጥቶ ስለሚተነፍስ በፍግና በሽንት ቤት ፍሳሽ ውስጥ ሳይቀር ይኖራል።

የትንኝ እጭ፣ ቀጫጭን የጭቃ ትሎችና አንዳንድ ቀንድ አውጣዎችም በዚህ ቡድን ይመደባሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አልቅት ወይም ቀይ ትል ስለተገኘ ብቻ ወንዙ ታሟል አይባልም። በጤነኛ ወንዝም ጥቂት ጥቂት ይኖራሉ። ምልክቱ መገኘታቸው አይደለም፤ ሌሎቹ ጠፍተው እነሱ ብቻ መቅረታቸው ነው። እንዲሁም የአንድ ዓይነት ነፍሳ ብዛት አያታልላችሁ። ሁለት መቶ ቀይ ትል ካለበት ቦታ ይልቅ ስምንት ዓይነት ነፍሳት ሦስት ሦስት ሆነው የተገኙበት ቦታ ይሻላል። የሚቆጠረው በመጀመሪያ ዓይነቱ ነው።

5. አሠራሩ

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦ ነጭ ትሪ ወይም ሳህን፣ ወንፊት ወይም ሰፋ ያለ የሻይ ማጥለያ፣ ባልዲ፣ የፕላስቲክ ቦት ጫማና ጓንት፣ ደብተርና እርሳስ። የአልጋ አጎበር ቆርጣችሁ እንደ መረብ አትጠቀሙ። አጎበሩ በፀረ-ነፍሳት መድኃኒት የተነከረ ስለሆነ የምትፈልጓቸውን ነፍሳት ይገድላል፤ ውሃውንም ይበክላል።

ጊዜው፦ ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲረጋ፣ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ነው። ትልቅ ጎርፍ ካለፈ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ጠብቁ፤ ጎርፍ ራሱ ነፍሳቱን ጠርጎ ይወስዳል። ቢያንስ ሦስት ጊዜ እንድታዩ እንመክራለን፦ የመስኖ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር፣ ርጭት በሚበዛበት በጥር፣ እንዲሁም ውሃው በሚያንስበት በሚያዝያ።

ቦታው፦ ሁለት ቦታ ምረጡ፤ አንዱ ከማሳዎቹ በላይ፣ ሁለተኛው ከማሳዎቹ በታች። ሁለቱም ተመሳሳይ መሆን አለባቸው፦ ጥልቀቱ ከጉልበት በታች የሆነ፣ ውሃው በድንጋይ ላይ እየተንጫጫ የሚወርድበት ቦታ። አንዱን ከሚሮጥ ውሃ፣ ሌላውን ከረጋ ኩሬ ብትወስዱ ልዩነቱ የቦታው እንጂ የብክለት አይሆንም።

ጥንቃቄ፦ ቢልሃርዚያ ባለበት አካባቢ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ አትግቡ። በዚያው ቀን በአቅራቢያው ርጭት ከተደረገ ሥራውን ለሌላ ቀን አስተላልፉ። ሕፃናትን ብቻቸውን አትላኩ።

ቅደም ተከተሉ፦

1ኛ. ከታችኛው ቦታ ጀምሩ። ከላይ ብትጀምሩ የምታደፈርሱት ውሃ የታችኛውን ቦታ ይረብሻል።

2ኛ. አሥር ድንጋይ አንድ በአንድ አንሡ። ድንጋዩን ስታነሡ ወንፊቱን ከሥሩ በወራጁ በኩል ያዙ፤ የሚያመልጠው ወደዚያ ይገባል። ድንጋዩን ባልዲ ውስጥ በእጃችሁ በቀስታ አጥባችሁ ወደ ነበረበት መልሱት።

3ኛ. ወንፊቱን በወራጁ በኩል አቁማችሁ ከፊቱ ያለውን ጠጠር በእግራችሁ ለአንድ ደቂቃ ያህል አተራምሱ።

4ኛ. የተገኘውን ሁሉ ጥቂት ንጹህ የወንዝ ውሃ ባለበት ነጭ ሳህን ላይ ገልብጡ። ለአምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ፤ መጀመሪያ ቆሻሻ የመሰለው ነገር መንቀሳቀስ ይጀምራል።

5ኛ. ምን ምን ዓይነት እንደተገኘና ጥቂት ወይም ብዙ መሆኑን ጻፉ። ስሙን ካላወቃችሁ መልኩን ሣሉት።

6ኛ. ነፍሳቱን በሕይወት ወደ ወንዙ መልሱ። ከዚያ ወደ ላይኛው ቦታ ሄዳችሁ በተመሳሳይ ጊዜና በተመሳሳይ የድንጋይ ብዛት ድገሙት።

በደብተራችሁ ለእያንዳንዱ ቀን አራት ነገር ይጻፍ፦ ቀኑ፣ ቦታው፣ የተገኙት ዓይነቶች፣ በዚያ ሳምንት በአካባቢው የተሠራ ሥራ (ርጭት፣ ማዳበሪያ፣ እርሻ፣ ልብስ አጠባ፣ አሸዋ ማውጣት)። አራተኛውን አትዝለሉት፤ ምክንያቱን ለማግኘት የሚረዳችሁ እሱ ነው።

6. ያየነውን እንዴት እንተረጉመዋለን?

የላይኛውና የታችኛው ቦታ ተመሳሳይ ከሆኑና ቡድን አንድ በሁለቱም ካለ፣ የእናንተ ማሳ ወንዙን አልጎዳም ማለት ነው። ሁለቱም ቦታ የተጎዳ ከሆነ ችግሩ ከእናንተ በላይ ይጀምራል። ከላይ ደህና ሆኖ ከታች ከተጎዳ ግን በመካከል የሆነውን መፈለግ ይኖርብናል። ምን እንደጠፋና ምን እንደቀረ ካያችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይገመታል።

ሀ. ባለ እግሮቹ ጠፍተው ቀንድ አውጣ፣ አልቅትና ትል ከቀሩ፦ ፀረ-ነፍሳት ኬሚካል ጠርጥሩ። ለሽንኩርት ትሪፕስ ወይም ለቲማቲም ትል የምንረጨው መድኃኒት የተሠራው ነፍሳን ለመግደል ነው። የሰብል ጠላት የሆነውን ከውሃ ነዋሪው አይለይም። በተለይ እንደ ላምዳ-ሳይሃሎትሪንና ዴልታሜትሪን ያሉት በጣም በትንሽ መጠን እንኳ ለውሃ ነፍሳትና ለዓሣ ገዳይ ናቸው። ቀንድ አውጣና አልቅት ነፍሳት ስላልሆኑ ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። እኔ በመልካው ያየሁት ይህንን ነበር።

ለ. ቡድን አንድ ጠፍቶ ቀይ ትልና ባለ ረጅም ጅራት ትል ከበዛ፣ ውሃውም ከሸተተ፦ ፍግ፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የአረቄ አተላ ወይም የመሰለው ነገር እየገባ ነው። እነዚህ ሲበሰብሱ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። በድንጋዩ ላይ እንደ ጥጥ የተንጠለጠለ ግራጫ ነገር ካያችሁም ምልክቱ ያው ነው።

ሐ. ሁሉም ዓይነት በጣም ካነሰና ድንጋዮቹ በደለል ከተቀበሩ፦ መርዝ ከመጠርጠራችሁ በፊት አፈሩን ተመልከቱ። እስከ ወንዙ አፋፍ የታረሰ ማሳ፣ የተበጠሰ እርከን ወይም አሸዋ የሚወጣበት ቦታ ሊሆን ይችላል። ነፍሳቱ የሚኖሩት በድንጋዮች መካከል ባለው ክፍተት ነው፤ ደለል ሲሞላው ቤታቸው ፈረሰ ማለት ነው። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ባርቡስ የሚባሉት የጣና ዓሦች በክረምት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች ወጥተው እንቁላላቸውን የሚጥሉት በጠጠር ላይ ነው። ጠጠሩ ጭቃ ከለበሰ እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል።

መ. ድንጋዩ በአረንጓዴ ልጥ ተሸፍኖ ቀንድ አውጣ ከበዛ፦ ማዳበሪያ ወይም ፍግ ታጥቦ እየገባ ሊሆን ይችላል። ለሰብል የከፈላችሁበት ዩሪያና ኤን.ፒ.ኤስ. ውሃ ውስጥ አልጌ እያበቀለ ነው ማለት ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በጣና የታየውና ብዙ ያስቸገረን እምቦጭም የሚፋፋው እንዲህ ባለ ንጥረ ነገር በበዛበት ውሃ ነው።

ሠ. ምንም ነገር ከሌለ፦ ወይ ከባድ መርዝ አልፏል፣ ወይ ጎርፍ ጠርጎታል፣ ወይ ወንዙ በቅርቡ ደርቆ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ድገሙት። የሞተ ዓሣም አብሮ ከታየ ግን አትጠብቁ። ዓሣውን አትብሉ፣ ከብት አታጠጡ፣ በዚያው ቀን ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው አሳውቁ።

7. ይህ ዘዴ የማይነግረን ነገር

አንደኛ፣ ባለ ሦስት ጅራት የሞላበት ወንዝ ለመጠጥ ደህና ነው ማለት አይደለም። ተቅማጥ የሚያመጡ ተዋሕስያን ነፍሳቱን አይጎዱም፤ ስለዚህ ነፍሳቱ ስለ እነሱ አይነግሩንም። የወንዝ ውሃ አፍልታችሁ ወይም በውሃ ማከሚያ አክማችሁ ጠጡ።

ሁለተኛ፣ ዘዴው የኬሚካሉን ስም አይነግረንም። ስሙን ማወቅ ካስፈለገ የላቦራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል። የእኛ ሥራ የት ቦታና መቼ መመርመር እንዳለበት ማሳየት ነው፤ ይህም ራሱ ብዙ ድካምና ወጪ ያድናል።

ሦስተኛ፣ አንድ ጊዜ አይቶ መፍረድ አይቻልም። በተለይ ውጤቱን ይዛችሁ ጎረቤታችሁን ለመክሰስ አትቸኩሉ። በውሃ ምክንያት የላይኛውና የታችኛው ተጠቃሚ ምን ያህል እንደሚጋጭ ታውቃላችሁ። ሁለትና ሦስት ጊዜ ተመሳሳይ ውጤት ካገኛችሁ ወደ መስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማህበር አቅርቡት። የተጠረጠረው ሰው ባለበት ድንጋዩን አብራችሁ ገልብጡ። በዓይኑ ያየ ሰው ብዙ ክርክር አያስፈልገውም።

8. ሳይቃጠል በቅጠል፦ ምን እናድርግ?

ስለ መርጫ አጠባ፦ መርጫውን በወንዝ፣ በቦይ ወይም በምንጭ አጠገብ አትጠቡ። ውሃ በባልዲ ቀድታችሁ ወደ ማሳ ውሰዱ፤ መርጫውን ወንዝ ውስጥ ነክራችሁ አትሙሉ። ርጭቱ ሲያልቅ መርጫውንና ባዶውን ጠርሙስ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፤ እጣቢውን እዚያው በረጫችሁት ሰብል ላይ እርጩት። እንዲህ ስታደርጉ የገዛችሁት መድኃኒትም አይባክንም።

ስለ ባዶ ዕቃ፦ የመድኃኒት ጠርሙስን ለዘይት፣ ለውሃ ወይም ለሌላ ነገር አትጠቀሙበት። ቀዳችሁ ከጥቅም ውጭ አድርጉትና በቀበሌው በተወሰነው ቦታ አስቀምጡ።

ስለ ርጭት፦ በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ማሳውን ፈትሻችሁ ተባዩ ጉዳት በሚያደርስ መጠን ሲገኝ ብቻ እርጩ። ንፋስ ወደ ወንዙ በሚነፍስበት ሰዓትና ዝናብ በደመነበት ቀን አትርጩ።

ስለ ወንዝ ዳር፦ እስከ አፋፉ ማረስ ይቅር። በወንዙ ዳር ደሾ ወይም ቬቲቨር ሣር ትከሉ። ሣሩ አፈርና ማዳበሪያን ይይዛል፤ ደሾው ለከብት መኖ ይሆናል። ያጣችሁት ጥቂት እርምጃ መሬት በአፋፍ መናድ ከምታጡት ያነሰ ነው።

ስለ ከብትና ፍግ፦ ከተቻለ ገንዳ ሠርታችሁ ከወንዙ ራቅ አድርጋችሁ አጠጡ። ፍጉን ወደ ኮምፖስት ለውጡት።

ስለ ማዳበሪያ፦ ዩሪያን ከፋፍላችሁ ጨምሩ፤ ከባድ ዝናብ ሊጥል ሲል አትበትኑ።

ስለ ብርብራ፦ ዓሣን በብርብራ ማጥመድ ትልቁን ዓሣ ብቻ ሳይሆን ጫጩቱንም ነፍሳቱንም ይጨርሳል። የዛሬ አንድ ቅርጫት ዓሣ የከርሞውን ያሳጣናል።

የተጎዳ ወንዝ ምንጩ ከተዘጋለት ያገግማል። ከላይኛው ክፍል ነፍሳት በውሃው እየተንሳፈፉ ይወርዳሉ፤ ክንፍ ያወጡትም በርረው መጥተው እንቁላል ይጥላሉ። እኛም መርጫ የምናጥብበትን ቦታ ከመልካው አርቀን ማሳ ውስጥ ካደረግነው በኋላ፣ በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ላይ ባለ ሦስት ጅራቱን ከመልካው በታች አግኝተነዋል። ቤት ሠሪውን ግን ለማየት ሌላ አንድ ዓመት ጠብቀናል። ማጥፋት የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ መመለሱ ዓመታት ይወስዳል።

9. ማጠቃለያ

ለመስኖ የምንጠቀምበት ወንዝ ከእኛ በኋላም ጉዞ አለው። የጉማራና የርብ ውሃ ጣና ይገባል፤ ጣና ዓባይን ይሞላል። እያንዳንዳችን ከላይ ላለው የታች፣ ከታች ላለው ደግሞ የላይ ነን። ስለዚህ የላይኛው እንዲጠነቀቅልን የምንፈልገውን ያህል ለታችኛው እንጠንቀቅ። በዓመት ሦስት ጊዜ ድንጋይ ገልብጦ ማየት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከግማሽ ቀንም አይበልጥም። ልጆቻችሁንም አሳዩአቸው። ከእኛ ይልቅ ዓይናቸው ይፈጥናል፤ ያዩትንም አይረሱም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ መርጫ የሚታጠበው የት ነው? ከዚያ በታች ማን ውሃ ይጠቀማል?
2. በልጅነታችሁ በወንዛችሁ ታዩት የነበረና ዛሬ የማታዩት ፍጡር አለ? መቼ ጠፋ? በዚያን ጊዜ በአካባቢው ምን ተለወጠ?
3. ከታችኛው ቦታ ቀንድ አውጣና አልቅት ብቻ፣ ከላይኛው ደግሞ ስድስት ዓይነት ነፍሳት ብታገኙ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?
4. በማህበራችሁ የወንዙን ደብተር የሚይዙ ሁለት ሰዎች ምረጡ። የመጀመሪያው ምርመራ የሚደረግበትን ቀንና ቦታ ዛሬውኑ ወስኑ።